በደብረ ብርሃን ጓሮ እንቁላል ጣይ ዶሮ ለመጀመር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከቤቴ ጀርባ 3 በ4 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ አለ። ለቤትም ለሽያጭም የሚሆን እንቁላል ለማግኘት 50 የአንድ ቀን ጫጩት ላስመጣ አስቤያለሁ። ብርዱ ግን ያሳስበኛል። ከየት ልጀምር? መኖውን ራሴ ባዘጋጅስ ይረክስልኛል?»

ምላሽ፦

ጫጩቱን ከማዘዝዎ በፊት ሁለት ነገር ይቀይሩ። የአንድ ቀን ሳይሆን የ45 ቀን ጫጩት ይግዙ፤ ቁጥሩንም ከ50 ወደ 32 ዝቅ ያድርጉት። ብርዱ ሊያሳስብዎ ይገባል፤ ግን የሚያሰጋው ጫጩቷን እንጂ ያደገችውን ዶሮ አይደለም። ያደገችውን የሚጨርሳት ብዙውን ጊዜ ፈንግል ነው፤ ፈንግል ደግሞ በአብዛኛው በገዛ እጃችን በግቢው በር የምናስገባው በሽታ ነው። እሱን ወደ ኋላ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ የጫጩቱ ነገር። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። ሙቀቱ በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ዲግሪ እየተቀነሰ በ6ኛው ሳምንት 21 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እናንተ ጋ ውርጭ በሚጥልባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ይህን ሙቀት በአምፖል ብቻ ጠብቆ ማደር ከባድ ነው። መብራት ለሁለት ሰዓት ከጠፋ ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ብርድ ገደላቸው ይባላል እንጂ አብዛኞቹን የሚገድለው መደራረቡ ነው። ጫጩቱን በከሰል እናሞቃለን የሚሉም አሉ። ቤቱን ዘግቶ ከሰል ማንደድ ጫጩቱንም አዳሪውን ሰውም ሊገድል ስለሚችል አይሞክሩት። በ45 ቀኗ ግን ጫጩቷ ላባዋን ጨርሳ ለብሳለች፤ የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ወስዳለች፤ ብዙ ሞት የሚታይበትንም ጊዜ አልፋለች። ዋጋዋ ከፍ ቢል የከፈሉት ለዚህ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት አርክሶ መግዛት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል።

ስለ ዝርያ አጭር ነገር። ዓላማዎ እንቁላል ከሆነ ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎህማን ብራውን ይያዙ። በደንብ ከተያዙ በ20ኛው ሳምንት አካባቢ መጣል ይጀምራሉ፤ በዓመት ወደ 300 እንቁላል የመስጠት አቅም አላቸው። የሐበሻ ዶሮ ከ40 እስከ 60 ነው የምትጥለው፤ በመታቀፍና ጫጩት በማሳደግ ግን አትታማም። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ይሆናል፤ ጠንካራ ነው፤ አውራዎቹ ለበዓል ጥሩ ያወጣሉ፤ በእንቁላል ግን ከቦቫንስ ያንሳል። ገብስማው ኮይኮይክ እየለቀመ ለሚውልበት ሰፊ ግቢ እንጂ ለ12 ካሬ አይደለም። አውራ ዶሮ አያስፈልግዎትም፤ ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች። እንዲያውም አውራ ያልነካው እንቁላል ሲቀመጥ ቶሎ አይበላሽም።

ሲገዙ የክትባት መዝገቡን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከቦቫንስ መካከል ነጭ ላባ ያላቸው ካሉ አውራዎች ናቸው፤ ሴቶቹ ቡናማ ናቸው፤ ይህን ያወቀ ገዢ አይታለልም። አሥሩን በሚዛን ያስቀምጡ፤ በአማካይ 450 ግራም አካባቢ መሆን አለባቸው። ከ350 በታች ከሆኑ መኖ ጎድሎባቸዋል ወይም ዕድሜያቸው ተጋኗል። ከጭራቸው ሥር የተለጠፈ ኩስ፣ ከአፍንጫ የሚወርድ ፈሳሽ ወይም ክንፉን ጥሎ የሚያንቀላፋ ካዩ ያን አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ይተዉ።

አሁን ወደ ቤቱ። 12 ካሬውን ሁሉ ቤት አያድርጉት። 3 በ2.5 ሜትር ቤት ይሥሩ፤ ይህ 7.5 ካሬ ነው፤ በካሬ 4 ዶሮ ሲሰላ 30 ይይዛል፤ ከ32ቱ ሁለቱ እስከ መጣያቸው ድረስ ለሚጎድል መጠባበቂያ ናቸው። ቀሪው በሽቦ ታጥሮ ፀሐይ መሞቂያቸው ይሁን። በካሬ 6 እና 7 ዶሮ ማጎር ርጥበትንና መነካከስን ይጋብዛል። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ። ግድግዳው ከወለሉ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ በብሎኬት ወይም በድንጋይ ይሠራ፤ ከዚያ በላይ ቀዳዳው ከ1.5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሽቦ ይሁን። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ያግዳታል፤ አይጥን ግን አያግድም። ሸለምጥማጥም ከጣሪያና ከግድግዳ መካከል በተረሳች ክፍተት ገብቶ በአንድ ሌሊት የማይበላውን ሁሉ አንቆ ይሄዳል። ሽቦው መሬት በሚነካበት በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ይቀበር።

በሽቦው ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ መጋረጃ ይደረጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጋረጃው ከታች ይታሰርና ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ይሁን፤ ከላይ ተሰቅሎ ወደ ላይ የሚጠቀለል አይሁን። ከላይ ሲከፈት ነፋሱ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ያልፋል፤ ርጥቡንና የሚሰነፍጠውን አየር ይዞ ይወጣል፤ እነሱን ግን አይመታም። በብርዱ ሌሊት እንኳ ከላይ አንድ ጋት ክፍት ይተዉ። ዶሮ የራሷን ብርድ ልብስ ለብሳ ስለተፈጠረች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለው የእናንተ ከተማም ቢሆን ያን ያህል አያሳስባት። የሚጎዳት በርጥብ ጭድ ላይ ታፍና ማደር ነው። ጠዋት ሲገቡ በዶሮዋ ቁመት ልክ ቁጢጥ ይበሉ። ዓይንዎን ካቃጠለዎ ቤቱ ታፍኗል፤ የመተንፈሻ በሽታም በደጅ ነው።

ወለሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ የገብስ ጭድ ይነጥፉ፤ በሳምንት አንዴ ይገልብጡት። ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጠው ይልቀቁት። እንደ ኳስ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፤ የረጠበውን ጠርገው በደረቅ ይተኩ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ የሚራባው በዚህ ርጥበት ውስጥ ነው፤ በዋናነት ከ3 እስከ 8 ሳምንት ያሉትን ይመታል፤ ስለዚህ የ45 ቀን ጫጩት ገና ከአደጋው አልወጣችም። ደም ካዩ ያን ቀን ሳያልፍ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት አምፕሮሊየም ይውሰዱና በማሸጊያው በተጻፈው መጠን በውኃ ይስጡ። መድኃኒቱ በሚሰጥበት ጊዜ ቪታሚን ቢ ያለበት ነገር አይጨምሩ፤ ሥራውን ያከሽፈዋል። ጭዱን ካላደረቁ ግን መድኃኒቱ ለሳምንት እንጂ ለወር አይሆንም።

የውስጥ ዕቃው ልክ ይህ ነው። ቆጥ ለአንድ ዶሮ 18 ሴንቲ ሜትር ይሰላል፤ ለ30 ዶሮ 5.4 ሜትር፣ ማለትም እያንዳንዱ 1.8 ሜትር የሆነ ሦስት አግዳሚ እንጨት ያስፈልጋል። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ከወለሉ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን። የእንቁላል መጣያ ሳጥን ለ5 ዶሮ አንድ፣ በጠቅላላው ስድስት፤ ስፋቱ 30 በ30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ከወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጨለም ባለው ጥግ። ሳጥኑ ከቆጡ ዝቅ ማለት አለበት፤ ዶሮ የምታድረው ከፍ ባለው ቦታ ስለሆነ ሳጥኑ ከበለጠ እዚያው ታድራለች፣ እንቁላሉም በኩስ ይጨማለቃል። በ16ኛው ሳምንት ያስገቡት፤ ካረፈደ ወለል ላይ መጣል ይለምዳሉ፤ ያን ማስተው አድካሚ ነው። የመኖ ገንዳው በሁለቱም በኩል የሚበላበት 1.5 ሜትር ይበቃል። ከሲሶው በላይ አይሙሉት፤ ሞልቶ የተሰጠ መኖ በምንቃር እየተረጨ ጭድ ውስጥ ይቀራል። መጠጫውም ገንዳውም በዶሮዋ ጀርባ ከፍታ ልክ ይሁኑ።

መኖውን ራስዎ ቢያዘጋጁ ይረክስ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለ32 ዶሮ፣ ለመጀመሪያው ዙር፣ አይረክስም፤ የተዘጋጀ ይግዙ። ምክንያቱን በቁጥር ይዩት። ከ45 ቀን እስከ 20ኛው ሳምንት አንዷ 6.5 ኪሎ አካባቢ ትበላለች፤ ለ32ቱ ሁለት ኩንታል ከትንሽ በላይ ነው። የ45 ቀኗ ለሁለት ሳምንት ያህል የጫጩት መኖ፣ ከዚያ የቄብ መኖ ትበላለች። የእንቁላል ጣይ መኖ ከ18ኛው ሳምንት በፊት አይስጡ፤ በውስጡ ያለው ብዙ ካልሲየም የቄቧን ኩላሊት ይጎዳል። መጣል ስትጀምር በቀን ከ115 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ ለ30 ዶሮ 3.6 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል 28 ቀን ገደማ ማለት ነው። ለዚህ መጠን ፕሪሚክስ (የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ) እና አኩሪ አተር በችርቻሮ ገዝቶ፣ አስፈጭቶ፣ በአካፋ መደባለቅ የሚተርፍ ነገር የለውም።

ኋላ ቁጥሩ ከ100 ሲያልፍ መሞከር ከፈለጉ ለአንድ ኩንታል የጣይ መኖ የሚሠራ መነሻ ይኸውልዎ፦ በቆሎ 48 ኪሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር 17፣ የኑግ ፋጉሎ 15፣ ፉርሽካ 10፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 8.5፣ ጨው 400 ግራም፤ ቀሪው 1.1 ኪሎ የጣይ ፕሪሚክስና የአጥንት ዱቄት ነው፤ የፕሪሚክሱን ድርሻ ማሸጊያው ይወስነዋል። ፕሮቲኑ 16 በመቶ አካባቢ ይመጣል። ኑግና አኩሪ አተር አብረው የገቡት በዋጋ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ኑግ የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል አኩሪ አተሩ ይሞላዋል። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ ከገባ ፕሮቲኑን ከመፈጨት የሚያግድ ነገር ስላለው ዶሮዎቹ እየበሉ ይከሳሉ። ጨውና ፕሪሚክሱን መጀመሪያ ከ5 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር በደንብ አዋህደው ከዚያ ወደ ትልቁ ክምር ይጨምሩ፤ በቀጥታ ከጨመሩት አንዷ ጨው ጠግባ ሌላዋ ምንም ሳታገኝ ትቀራለች። የሻገተ በቆሎ ወይም ፋጉሎ «ለዶሮ ምን አላት» ተብሎ የሚሰጥ አይደለም፤ የሻጋታው መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ እንቁላል ይቀንሳል፣ የክትባትንም ኃይል ያዳክማል።

ትርፍ እያገኙ መሆንዎን ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። ከ30ው 24ቱ ከጣሉ፣ ማለትም 80 በመቶ ከሆነ፣ ለአንድ እንቁላል የሚወጣው መኖ 150 ግራም ነው። የኪሎ መኖ ዋጋን በ0.15 ያባዙ፤ የአንዱ እንቁላል የመኖ ወጪ ይመጣል። ወደ 15 ዶሮ ከወረደ ማባዣው 0.24 ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ በዚያ ላይ ትርፉ ያልቃል። ስለዚህ በየቀኑ የተለቀመውን እንቁላልና የተሰጠውን መኖ በደብተር ይጻፉ። ደብተሩ በሽታንም ቀድሞ ይናገራል፤ መኖና እንቁላል የሚቀንሱት ዶሮዋ ከማንቀላፋቷ አንድ ሁለት ቀን በፊት ነው።

አሁን ፈንግል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የተጠመዘዘ አንገት፣ ከዚያ በሁለት ሦስት ቀን የቤቱ መራቆት። ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። ቴትራሳይክሊን አይፈውሰውም፤ ነጭ ሽንኩርትም፣ ሎሚም፣ ፌጦም አይፈውሱትም። አረቄ የሚግቱም አሉ፤ የደብረ ብርሃንን አረቄ ለዶሮ ማባከን ነው። ያለው ክትባት ነው፤ ክትባቱም ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይመረታል፣ በቀላሉ ይገኛል። የሚጎድለው አሰጣጡ ነው።

የ45 ቀን ጫጩት ስትገዙ የማሬክስ (ሽባ የሚያደርግና ዕጢ የሚያወጣ በሽታ) ክትባት ከተፈለፈለችበት ቦታ፣ ኤችቢ የተባለውን የመጀመሪያ የፈንግል ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት፣ የጉምቦሮ (የጫጩትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም በሽታ) ክትባት ሁለት ጊዜ፣ ላሶታ የተባለውን ሌላውን የፈንግል ክትባት ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወስዳ መሆን አለበት። ከእርስዎ የሚጠበቀው በ9ኛው ሳምንት ላሶታ፣ በ10ኛው ሳምንት አካባቢ በክንፍ የሚወጋ የፈንጣጣ ክትባት፣ የዶሮ ታይፎይድን በአካባቢዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር፣ መጣል ከመጀመሯ በፊት በ16ኛው ሳምንት እንደገና የፈንግል፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ የፈንግል መድገም ነው።

ላሶታ የሚሰጠው በመጠጥ ውኃ ነው፤ የሚከሽፈውም ብዙውን ጊዜ በውኃው ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ሕያው ክትባትን ይገድላል። ውኃውን በሰፊ ባልዲ ክፍት አድርገው ያሳድሩት፤ ጠዋት በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ጨምረው 20 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ክትባቱን ይበጥብጡበት። መጠጫው ፕላስቲክ ይሁን፤ በሳሙናም በበረኪናም አይታጠብ፤ በንጹሕ ውኃ ብቻ ያለቅልቁት። ከዚያ በፊት ለሁለት ሰዓት ውኃ ይከልክሏቸው። የሚበጠበጠው መጠን በአንድ ሰዓት ተኩል ተጠጥቶ የሚያልቅ መሆን አለበት፤ ልኩን ለማወቅ በዋዜማው በተመሳሳይ ሰዓት ተራ ውኃ ሰጥተው ይለኩ። መጠጫው አንድ ብቻ ከሆነ ጉልበተኞቹ ጠጥተው ደካሞቹ ይቀራሉ፤ ሦስት ያድርጉት። ክትባቱ ከመድኃኒት ቤት እስከ ቤትዎ በበረዶ ይምጣ፤ በኪስ ተይዞ የመጣ ብልቃጥ ገንዘብ ማጥፋት ነው። ብርድ የማይፈልገው፣ ሙቀት የሚቋቋመው የፈንግል ክትባት ከተገኘ ለእርስዎ ብዛት የበለጠ ይመቻል፤ በእያንዳንዷ ዶሮ አንድ ዓይን አንዲት ጠብታ ጣል ተደርጎ እስክትጨፍን ይጠበቃል፤ ማን እንደተከተበችም በእርግጥ ይታወቃል። አንዱ ብልቃጥ ከ30 ዶሮ በላይ ስለሚበቃ ከጎረቤት ጋር ቀን ቆርጣችሁ ብትከትቡ ወጪው ይካፈላል፤ የጎረቤት ዶሮ መከተቧ ለእርስዎም ጥበቃ ነው።

ክትባቱ እንዳለ ሆኖ በሩ ይጠበቅ። ፈንግል የሚበረታው በክረምት መግቢያና በበዓል ሰሞን ነው፤ የበዓሉ ምክንያት ግልጽ ነው። ከየገጠሩ የመጡ ዶሮዎች ገበያ ላይ በአንድ ቅርጫት ተጨናንቀው ይውላሉ፤ ጤነኛ የምትመስለው በሽታውን ይዛ ወደ ቤት ትመጣለች፤ እስክትታረድ ግቢ ውስጥ በእግሯ ታስራ ታድራለች። ላባዋና አንጀቷ አጥር ሥር ይጣላል፤ የታጠበችበት ውኃ ግቢው ውስጥ ይደፋል። በሳምንቱ የቤቱ ዶሮዎች ማንቀላፋት ይጀምራሉ። ስለዚህ የፋሲካዋንም የእንቁጣጣሿንም ዶሮ ከራስዎ ቤት ይረዱ፤ ከገበያ መግዛት ግድ ከሆነ ታርዳ የተዘጋጀች ትምጣ፤ ያም ካልሆነ ዶሮዎቹ ባሉበት በኩል አትለፍ፣ ላባና ሆድ ዕቃዋም ይቀበር። ለዶሮ ቤቱ ብቻ የሚጫሙት ጫማ በሩ ላይ ያስቀምጡ። ዶሮ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ደጅ ይጠብቅ፤ ቅርጫቱም አይግባ።

ብርሃኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዶሮ በደንብ ለመጣል በቀን ወደ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ አገራችን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው የምትሰጠው። ከ18ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ በአንድ 9 ዋት አምፖል ይድረሱበት። ቀደም ብሎ መጨመር አካሏ ሳይጠና እንድትጥል ያደርጋታል፤ ትንንሽ እንቁላልና የእንቁላል መውጫዋ ወደ ውጭ መገልበጥ ይከተላል። ተጨማሪውን ሰዓት በተቻለ መጠን ወደ ንጋት ያድርጉት፣ ለምሳሌ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ። ማታ መብራት ድንገት ሲጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳይወጡ በጨለማ ይቀራሉ፤ ንጋት ላይ ቢጠፋ ግን ቆጥ ላይ ናቸው።

መቼ ይግዙ? ጥር አጋማሽ ወይም መጨረሻ። ውርጩ እየቀለለ ነው፣ ወቅቱ ደረቅ ነው፤ ከሁሉ በላይ ገበያው ያስገድዳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ እንቁላል ይረክሳል። በጥር መጨረሻ የገባች የ45 ቀን ጫጩት ጾሙን የሚያልፈው በቄብነት ነው፤ መጣል የምትጀምረው ሚያዝያ መጨረሻ ከፋሲካ በኋላ ነው። ፍልሰታ 15 ቀን ብቻ ስለሆነ ይቻላል፤ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ከፍተኛው ምርት ላይ ናት። ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም ሌላው ፈተና ነው። ለዚያ ጊዜ የማይጾሙ ደንበኞችን፣ ሆቴልና ቁርስ ቤቶችን ከወዲሁ ይያዙ፤ በእናንተ ብርድ ያልታጠበ እንቁላል ሹል ጫፉ ወደ ታች ተደርጎ ጥላ ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል።

በቀጣዩ ዓመት ፋሲካ ዶሮዎቹ 70 ሳምንት አካባቢ ይሆናቸዋል። ያኔ እንቁላሉ ወደ ታች እየሄደ ነው፣ የዶሮ ዋጋ ግን የዓመቱ ከፍተኛ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሽጡ። አሮጌውን ከአዲሱ ቀላቅሎ ማስቀጠል በሽታን ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ማውረስ ነው። ጭዱን ጠራርገው ለአትክልት ማዳበሪያ ያከማቹ፤ ወለሉንና ቆጡን በሳሙና አጥበው በበረኪና ያርከፍክፉ፤ ግድግዳውን ኖራ ይቀቡ፤ ቤቱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ባዶውን በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ይግባው።